ፈረሶቹ ወደ በሩ ሲዞሩ

ኮቴ ሠሪው መጀመሪያ ያስተዋለው ዝምታውን ነው።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ግቢው በድምፅ ተሞልቶ ነበር። ባልዲ ይጋጫል፣ ድንክ ፈረሶቹ ያሽካካሉ፣ ጭቃው ከቦት ጫማ ሥር ጯ ጯ ይላል። ከዚያ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። እሱ ጎንበስ ብሎ የአንዱን ነጭ ድንክ ፈረስ የኋላ እግር በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ኮቴውን እየከረከመ ነበር። ፈረሱ አልተወራጨም፤ ትንፋሹን ብቻ ዋጥ አደረገ። ሰውየው ቀና አለ።

በግቢው ያሉት ድንክ ፈረሶች በሙሉ ፊታቸውን ወደ ታችኛው በር አዙረዋል። ጆሯቸው ቀጥ ብሏል። በሩ ዝግ ነው። ከበሩ ወዲያ ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ ከወንዙ የተነሳ ጭጋግ፤ ሌላ ምንም የለም። ዓይኖቻቸው ግን አንድ ነገር ላይ አርፈው ነበር፤ ያ ነገር ደግሞ ይንቀሳቀስ ነበር። ከበሩ ተነስቶ በጭቃው መንገድ ሽቅብ መጣ። አንገቶቹም እኩል ተከተሉት፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ሳይቸኩሉ። መኖ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«መጣ» አሉ አጥሩን ተደግፈው የቆሙት አሮጊት፣ ከራሳቸው ጋር እንደሚያወራ ሰው።

ይህን ጊዜ አንዲት ልጅ በሁለት እጇ ባልዲ አንጠልጥላ ከመኖ ቤቱ ወጣችና ፉርሽካውን በየገንዳው ማከፋፈል ጀመረች። ዝምታው ተሰበረ። ፈረሶቹ ተጋፉ፣ ተናከሱ፣ በሉ።

«ማን ነው የመጣው?» አላት ኮቴ ሠሪው በአጠገቡ ስታልፍ።

«እርስዎ የያዙትን እግር ይጨርሱ» አለችው። «ከመሸ ኮቴና ጣት አይለይም።»

እዚህ ግቢ የመጣው በአጋጣሚ ነው። ለዓመታት የእነዚህን ፈረሶች ኮቴ ሲያበጅ የኖረው ሽማግሌ ወገቡን ታሞ ተኝቶ፣ በእሱ ፋንታ ላከው። ቶሎ ጨርሶ ሊመለስ ነበር ያሰበው። ጸደይ ገና ሲገባ ግን ጭቃው ማንንም አያስጨርስም። ግቢው ሁሉ ተቦክቷል። የፈረሶቹ ኮቴ ውሃ ጠጥቶ ልሟል፤ የአንዱን አክሞ ሳይጨርስ የሌላው ይሸታል። መሬቱ ሲደርቅ ልጆች ሊጋልቡ ይመጣሉና እስከዚያ ሁሉም በእግሩ መቆም አለበት። ስለዚህ በማግስቱም መጣ፤ ከዚያም በየቀኑ።

በየቀኑ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ያው ነገር ሆነ።

ልጅቷ ሥራዋን የምትሠራበት መንገድ ደስ አለው። ከሜዳ የገቡትን ፈረሶች እግር አታጥብም። ጭቃው እላያቸው ላይ እስኪደርቅ ትጠብቃለች፤ ከዚያ በደረቅ ብሩሽ፣ ከጉልበት ወደ ታች፣ ቆዳውን ሳታስቆጣ ታራግፈዋለች። አንድ ቀን እሱ ቸኩሎ ባልዲ ውሃ ይዞ ሲመጣ መንገዱ ላይ ቆመችበት።

«ውሃውን ሊጠጡት ነው ወይስ ፊትዎን ሊታጠቡበት?»

«እግሩን ላጥብለት ነበር።»

«እርጥብ እግር ሲታጠብ ቆዳው ይሰነጠቃል። ይልቅ ይቀመጡና ይድረቅ።»

ተቀመጠ። እሷም ገለባው ላይ ተቀመጠች፤ በመካከላቸው አንድ ባልዲ።

«እርስዎ የምትይኝ ሽበት አይተሽብኝ ነው?» አላት።

«ጎብጠው ስላየሁዎት ነው።»

«የሚያጎብጠኝ ሥራዬ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ሲቀኑ አንተ እልዎታለሁ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ግን የአፏ ጥግ ሲንቀሳቀስ አየ። ሲመሽ ቤቱ ገብቶም ያየው ይህንኑ ነበር።

ታሪኩን የነገረችው ሌላ ቀን፣ የአንዲት ዳለቻ ድንክ ራስ ይዛለት ሳለ ነው። አሮጊቷ የግቢው ባለቤት ናቸው፤ ልጅቷም ሌላው ሠራተኛም እማማ ነው የሚላቸው። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። እሷ ለእሱ የታጨች ነበረች።

«መኖ ቤቱ መስኮት ላይ መጋረጃ አይተዋል? የሰፋሁት ለቤታችን ነበር። የሚሰቀልበት ሲጠፋ እዚያ ሰቀልኩት፤ አሁን ፈረሶቹ ናቸው የሚያዩት» አለች፣ ስለ ሌላ ሰው መጋረጃ እንደምታወራ።

«ምን ሆኖ ሞተ?»

«ባለፈው ጸደይ አንዷ ድንክ አጥር ጥሳ ወደ ወንዙ ወረደች። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ተከትሏት ገባ። እሷን ገፍቶ አወጣት፤ እሱን ወሰደው። በማግስቱ ታች አገኙትና ቀበርነው።»

«የትኛዋ ድንክ?»

«ይህቺው የያዙዋት።»

ዳለቻዋ እግሯን በእጁ ላይ ጥላ ከንፈሯን አንጠልጥላ ታንቀላፋለች። ኮቴ ሠሪው ለአፍታ መከርከሚያውን አሳረፈ።

ከቀብሩ ሲመለሱ ፈረሶቹን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሲመሽ፣ እማማ ብቻቸውን ወደ ግቢ ወጡ። ልጃቸው በሕይወት ሳለ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ከሜዳ በታችኛው በር ገብቶ፣ በመንገዱ ወጥቶ፣ ከመኖ ቤቱ ፉርሽካ ይቀዳላቸው ነበር። ያን ምሽትም ፈረሶቹ ሁሉ በሩን ያዩ ነበር። ከዚያ የእርምጃውን ያህል እያዘገሙ ዓይናቸውን እስከ መኖ ቤቱ አመጡት። እማማ ይህንን አዩ። «መጣ» አሉ። ቀሚሳቸው ላይ የመቃብር አፈር እንዳለ ሄደው መኖ ቀዱ።

«ከዚያ ወዲህ እስኪያዩት አንሰጥም» አለች ልጅቷ። «እማማ፣ ልጄ ሳይመጣ እንዴት ይበላሉ ይላሉ። አንዳንድ ቀን ይዘገያል። እኔም ባልዲውን ይዤ በመጋረጃው በኩል እያየሁ እጠብቃለሁ።»

«አንቺስ ታምኛለሽ?»

«ሰው ነው የሚዋሽ። ፈረስ ምን አግኝቶ ይዋሻል?»

በዚያ ሰሞን አንዲት ጥቁር ድንክ ከሩቅ ተገዝታ መጣች። ይህን ግቢ አታውቅም፤ ሟቹንም አይታው አታውቅም። በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ሌሎቹ ወደ በሩ ሲዞሩ እሷ ድርቆሿ ውስጥ እንዳቀረቀረች ትቀር ነበር። እማማ አላስገደዷትም። «ቀስ ብላ ትለምደዋለች» አሉ።

አንድ ምሽት ጥቁሯ ቀና አለች። ከሌሎቹ ጋር እኩል በሩን አየች፤ ከሌሎቹ ጋር እኩል ባዶውን መንገድ ሽቅብ ተከተለች፣ ማንን እንደምታይ የምታውቅ ይመስል። የልጅቷ ክንድ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ።

«ተዋወቁ» አሉ እማማ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ተመስገን። ተዋወቁ።»

ፈረስ ሲያነክስ ሁሉም ሰው የሚያነክሰውን እግር ያያል፤ ኮቴ ሠሪው ግን ከጤነኛው እግር ጀምሮ አንድ በአንድ የሚነካካ ሰው ነው። ያን ምሽት ወደ ቤቱ ሲሄድ ሁሉንም ከመጀመሪያው በሐሳቡ እየነካካ ነበር።

ጥቁሯ ግን አርፋ የምትቀመጥ አልነበረችም። አንድ ቀን ጠዋት ከሜዳው ዝቅ ያለ ቦታ ገብታ እስከ ሆዷ ጭቃ ዋጣት። ሁለቱ ሮጡ። እሱ ከኋላ ሆኖ በትከሻው ሲገፋ፣ እሷ ከፊት ሆና የአንገት ገመዷን ስትጎትት፣ ድንኳ ድንገት ጉልበት አገኘችና ዘለለች።

«ዞር በል፤ ልትረግጥህ ነው» አለች ልጅቷ።

ዞር ሲል አዳልጦት በጀርባው ጭቃው ላይ ተዘረጋ። ጥቁሯ በላዩ ተሻግራ ሄደች። ልጅቷ አጠገቡ ተንበርክካ ደረቱን፣ እጁን፣ እግሩን ዳሰሰች፤ ልክ ወድቆ የተነሳ ፈረስ እንደምትዳስሰው።

«ደህና ነኝ» አላት። «ዞር በል አልሽኝ።»

«ታዲያ ዝም ብዬ ላይህ ኖሯል?»

«ዞር ይበሉ ነበር የምትይኝ።»

ያኔ ነው ራሷን የሰማችው። እጇ ደረቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ፊቱ ላይ ከዓይኖቹ በስተቀር ጭቃ ያልነካው ቦታ አልነበረም፤ እሷም ሌላ የምታይበት ቦታ ስላጣች ዓይኖቹን አየች። ከጭጋጉ ውስጥ ወንዙ ይሰማ ነበር።

«እስክትቀና መጠበቅ ነበረብኝ» አለች በመጨረሻ።

«ተጋድሜም ይሆናል።»

ከዚያ ቀን በኋላ አንተ ነው የምትለው፤ እማማ ባሉበት ብቻ እርስዎ። የእማማ ጆሮ ግን ምንም አያመልጠውም፤ «እኔ ሳልኖር አንተ የምትይው ባልዲውን ነው እንዴ?» ብለው አንድ ቀን አፏን አስያዟት።

መሬቱ እዚህም እዚያም መጠንከር ሲጀምር ኮቴ ሠሪው ጠየቃት። ገለባ እየበተኑ ነበር።

«ሥራው ሊያልቅ ነው። አብረሽኝ ብትኖሪ ደስ ይለኛል። ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት እዚህ ትመጫለሽ። ለእማማም አንጠፋባቸውም።»

መንሹን ገለባው ውስጥ ተከለች።

«ስለማልወድህ አይደለም» አለችው። «እሱ ግን በየቀኑ ይመጣል። የሞተ ሰው መንገድ አቋርጦ እየመጣ እኔ በምን ዓይኔ እወጣለሁ? እሱ በሚገባበት በር ልውጣልህ?»

የነካካውን ነገር ግን ጨርሶ ማየት ይችል ነበር።

በማግስቱ እማማ ወደ ገበያ ወጥተው ነበር። ቀትር ነው፤ ጭጋግ የለም፣ ጥላ የለም። ኮቴ ሠሪው ባልዲ ፉርሽካ ሞልቶ መኖ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ፣ ዝም ብሎ። ልጅቷ ጋማ እያበጠረች ነበር።

ፈረሶቹ ባልዲውን አዩ። ጠጋ አሉ። አልሰጣቸውም። ነጩ መሬቱን በኮቴው ጫረ። አልሰጠውም። ጥቂት ቆይቶ ዳለቻዋ ፊቷን ወደ ታችኛው በር አዞረች። ነጩ ተከተላት። ጥቁሯ ተከተለች። ከዚያ ሁሉም። በጠራራ ፀሐይ ጆሯቸውን አቁመው ዝጉን በር አዩ፤ ዓይናቸውን በመንገዱ ሽቅብ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ እስከ መኖ ቤቱ ደጃፍ አመጡት። ሲደርሱ ባልዲውን አዩና ጠበቁ።

ማበጠሪያው ከልጅቷ እጅ ወደቀ።

«መጀመሪያ እሱን ናፍቀው ይሆናል ያዩት» አላት ኮቴ ሠሪው ቀስ ብሎ። «እናንተ ግን ባዩ ቁጥር አበላችኋቸው። ካላዩ አላበላችኋቸውም። አሁን ሲርባቸው ያዩታል። ጥቁሯም የተማረችው ይህንኑ ነው።»

«ስጣቸው።»

«ያልኩሽ ገብቶሻል?»

«ስጣቸው አልኩህ። ርቧቸዋል።»

ሰጣቸው። ሲበሉ ቆማ አየቻቸው፤ ፊቷ የተቀባ ግድግዳ መስሏል።

«አንድ ጊዜ ወንዙ ገደለው» አለችው። «አሁን አንተ። ለማን ብለህ ነው ይህን ያደረግከው? ለእኔ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። «ለራሴ» አላት።

«እንግዲያው ወደ ራስህ ሂድ።»

መከርከሚያውንና መዶሻውን ሰብስቦ ሄደ። በየትኛው በር እንደሚወጣ ግራ ገብቶት ለአፍታ ቆሞ ነበር። በላይኛው ወጣ።

ለእማማ አልነገረቻቸውም። «ሥራ በዝቶበት ነው» አለቻቸው። እንደ ወትሮው ባልዲዋን ይዛ በመጋረጃው በኩል ጠበቀች። አሁን ግን ይበልጥ ፈራች። ቀድሞ ፈረሶቹ የሚያዩት ሰው ነበር፤ ያውም የምታውቀው፣ የታጨችለት። አሁን የሚያዩት ምንም ነገር ነው፤ ያ ምንም ነገር ግን ቁመት ነበረው፣ እርምጃ ነበረው፣ በዓይናቸው ተሸክመው ከወንዙ ያወጡት ነበር። እሷም ባልዲ ይዛ ትወጣና ላመጡበት ትከፍላቸዋለች። እማማ «መጣ» ሲሉ «አዎ» ትላለች። ከዚያች አዎ በኋላ ምላሷ የሌላ ሰው ምላስ ይመስላታል።

አንድ ምሽት ባልዲውን አነሳችና መጋረጃውን ሳትገልጥ ወጣች። ጀንበር ገና አላዘቀዘቀችም። በየገንዳው ቀዳችላቸው። ፈረሶቹ ግራ ተጋብተው አዩዋት፣ ከዚያ አቀረቀሩ። እማማ ከቤት ሲወጡ ሁሉም ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ይበሉ ነበር።

እማማ አጥሩ ዘንድ ሄደው የዘወትር ቦታቸው ላይ ቆሙ። ልጅቷ ባዶ ባልዲዋን ይዛ አጠገባቸው ቆመች።

ብርሃኑ ቀነሰ። ጭጋጉ ከወንዙ ተነስቶ ሜዳውን ያዘ። ሰዓቱ ደረሰ። አንድም ፈረስ ቀና አላለም። የሚሰማው የጥርሳቸው ድምፅ ብቻ ነው። አሁን ያበቃል፣ አሁን ይገባቸዋል ብላ ወደ እማማ ዞረች።

እማማ በሩን እያዩ ነበር። ከዚያ የአሮጊቷ ፊት መዞር ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ከበሩ ተነስቶ፣ በመንገዱ ሽቅብ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት። ዓይናቸው እየቀረበ መጣ። ልጅቷ የቆመችበት ሲደርስ በደረቷ አለፈ፤ ብርድ የነካት መሰላት። መኖ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«መጣ» አሉ እማማ። «ዛሬ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።»

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ርቧቸው ነበር።»

«አልተቀየመም። ሲበሉ ማየት ይወድ የለ?» እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ። «አንቺስ አየሽው?»

ምላሷ የራሷ እስኪሆን ጠበቀች።

«አላየሁትም፣ እማማ። እኔ ፈረሶቹን ነበር የማየው።»

ዳለቻዋ ገንዳዋን በአፏ ገፋች።

«እኔ እናቱ ነኝ» አሉ እማማ። «ልጄን ለማየት ፈረስ አያስፈልገኝም። አንቺ ካላየሽው የሚመጣው ለእኔ ነው ማለት ነው። ለአንቺ ቢሆን ኖሮ ያሳይሽ ነበር፤ ካንቺ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም።» ትከሻዋን ጨበጥ አደረጉ። «ያ እርስዎ የምትይው የት ሄደ?»

«አባረርኩት።»

«መባረሩንማ ከፉርሽካው አያያዝሽ ዐወቅሁ፤ ግማሹን መሬት ላይ ነው የምታፈሺው። ላኪበትና ይምጣ። የነጩም የፊት ኮቴ ሸቷል።»

ላከችበት፤ መጣ። የነጩን ኮቴ አበጀ፣ እሷም ራሱን ያዘችለት፤ ኮቴው ተበጅቶ እስኪያልቅ አልተነጋገሩም። መዶሻውን ሲያስቀምጥ ነው የተናገረው።

«ያሳየሁሽ እውነት ነው። ያሳየሁበት መንገድ ግን የሌባ ነበር።»

«እማማ ያለ ፈረሶቹም ያዩታል» አለችው።

ኮቴ ሠሪው ይህን የሚነካካበት እግር አላገኘለትም።

«እህቴ እራት ሠርታ እየጠበቀች ነው» አላት። «ያሳደገችኝ እሷ ናት። ላሳይሽ ነበር። ከመጣሽ።»

«ቦት ጫማዬን ልቀይር?»

«ጭቃውን ካላየች አታምነኝም።»

ሲወጡ ጀንበር አዘቅዝቃ ነበር። ፈረሶቹ በልተው ጠግበው እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመዋል። ልጅቷ የላይኛውን በር አየች፤ ከዚያ እጁን ያዘችና በታችኛው መንገድ ወረደች። ጭጋጉ እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ነበር። መንገዱ ከሁለት ሰው በላይ አያሳልፍም፤ ግራና ቀኙ አሁንም ማጥ ነው።

መሃል መንገድ ሲደርሱ እማማ ከአጥሩ ተጣሩ፤ ድምፃቸው እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ድምፅ ነበር።

«ልጆች፣ ጠጋ በሉ እንጂ። መንገዱን ልቀቁለት።»

ቀድሞ ጠጋ ያለው ኮቴ ሠሪው ነው። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ማጥ ውስጥ ገብቶ እሷን ወደ ራሱ ሳበ። አልሳቀም። ባዶ እጁን ሰድዶ ባርኔጣውን አወለቀ። ልጅቷ በትከሻዋ በኩል ልቡ ሲመታ ይሰማት ነበር፤ ከፊታቸው ያለው መንገድ ባዶ ነው፤ ጭጋጉ ብቻ ትንሽ ተከፈለና ተመልሶ ገጠመ።

ጠበቁ።

«በቃ፣ አልፏል» አሉ እማማ። «ሂዱ፤ እራቱ እንዳይቀዘቅዝ።»